ሁለቱ ሃምሳዎች፦ የ11ኛ ክፍል ውጤትና የ12ኛ ክፍል ምዝገባ በሂስ ዓይን ሲታዩ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ የታወቀ ሥርዓት ይፈጸማል። የ11ኛ ክፍልን ትምህርት ያጠናቀቁ ተማሪዎች የውጤት መግለጫ ካርዳቸውን ይዘው ወደ መዝገብ ክፍል ይቀርባሉ። ካርዱ ይታያል፤ አማካይ ውጤቱ ከ50 በታች አለመሆኑ ይረጋገጣል፤ ስም በመዝገብ ይሰፍራል፤ ተማሪውም ለመጨረሻው የትምህርት ዓመት ተመዘገበ ይባላል። ነገሩ በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልቅ የጽሕፈት ሥራ ስለሆነ የመምህሩንም ሆነ የዕቅድ ባለሙያውን ትኩረት እምብዛም አይስብም። ይሁን እንጂ በዓመቱ መጨረሻ በብሔራዊው የፈተና አዳራሽ ስለሚያጋጥመው ነገር ለተማሪውና ለወላጁ በቂ ጊዜ እያለ ሊነገራቸው የሚችለው በዚያች ቀን ነው። ግን አይነገራቸውም።

ይህ ጽሑፍ በሦስት ሰነዶች ላይ ሂስ ያቀርባል። አንደኛው የ11ኛ ክፍል የውጤት ካርድ፣ ሁለተኛው የ12ኛ ክፍል የምዝገባ መዝገብ፣ ሦስተኛው ደግሞ በየዓመቱ ለሕዝብ የሚነገረው የብሔራዊ ፈተና ውጤት መግለጫ ነው። ካርዱ 50 ያገኘውን «ተዛውሯል» ይለዋል። መዝገቡ ይህን ተቀብሎ ይመዘግባል። የብሔራዊው ፈተና መግለጫም 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኘውን «አልፏል» ይላል። ሦስቱም በአንድ ቁጥር ስለሚናገሩ ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ። የትምህርት ቤቱ ሃምሳና የሀገሪቱ ሃምሳ ግን ሁለት የተለያዩ ሃምሳዎች ናቸው። የዚህ ሂስ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

የመግለጫው ቁጥሮች ምን ያስተምራሉ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ የተሰጠው ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ሲሆን፣ ጊዜውም የ2015 ዓ.ም. መግቢያ ነበር። የአሰጣጡ ለውጥ ዋና ምክንያት የፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ማስቀረት እንደ ነበረ ይታወቃል። በዚያ ፈተና ላይ ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ወይም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 (3.2 ከመቶ)፣ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 (5.4 ከመቶ)፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 (8.4 ከመቶ) የማለፊያውን ነጥብ አግኝተዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የሚነበቡት በመቶኛቸው ነው። ከ3.3 ወደ 8.4 መድረስ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ መሻሻል ይመስላል። ነገር ግን መቶኛ የሁለት ቁጥሮች ውጤት ነው፤ ላይኛው ሲያድግም ሆነ ታችኛው ሲያንስ ከፍ ይላል። ከ2014 እስከ 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የአላፊዎቹ ቁጥር በ19,020 ሲጨምር፣ የተፈታኞቹ ቁጥር በ310,638 ቀንሷል። ይኸውም ከሦስት ተፈታኝ ከአንድ በላይ ማለት ነው። የ2017ቱ አላፊዎች በ2014ቱ የተፈታኞች ብዛት ቢካፈሉ ኖሮ መቶኛው 5.5 ገደማ በሆነ ነበር። የአላፊዎቹ ቁጥር መጨመር እውነተኛ እርምጃ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ከዕድገቱ ከፊሉ የመጣው ተማሪዎች የበለጠ ስላወቁ ሳይሆን ብዙ ተማሪዎች ወደ አዳራሹ ስላልገቡ ነው።

ያልገቡት የት ቀሩ? መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሌሎች አካባቢዎችም የጸጥታ ችግርና መፈናቀል ተማሪዎችን ከክፍል አስወጥተዋል። የተማሪው በቤተሰቡ ኑሮ ምክንያት ወደ ሥራ መሰማራትም የታወቀ ነው። መግለጫው ግን የሚናገረው ስለ ተፈተኑት ስለሆነ፣ 9ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ተመዝግበው ከመንገድ የቀሩት በየትኛውም ዓምድ ላይ አይታዩም። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ብዛትም ሌላው አስተማሪ ቁጥር ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በ2014 ዓ.ም. 1,161፣ በ2015 ዓ.ም. 1,328፣ በ2016 ዓ.ም. 1,363 ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የሀገሪቱ አማካይ ከፍ ሲል ባዶ እጃቸውን የቀሩት ትምህርት ቤቶች ቁጥር አልቀነሰም።

በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ለፈተናው የቀረቡት መደበኛ ተማሪዎች ሁሉ ከአንድ ዓመት በፊት የ11ኛ ክፍል ካርድ እንደ ነበራቸው መዘንጋት የለበትም። በካርዱም ላይ 50 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አማካይ ሰፍሮ ነበር። ባይሆን ኖሮ 12ኛ ክፍል ባልተመዘገቡ ነበር።

ካርዱ ምን ይገልጻል? ምንስ ይሸሽጋል?

የውጤት መግለጫ ካርድ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊነበብና ሊተች የሚገባው ሰነድ ነው። በአንደኛው ዓምድ የትምህርቱ ዓይነት፣ በተከታዮቹ የአንደኛውና የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ውጤት፣ ቀጥሎም የሁለቱ አማካይ ይሰፍራሉ። ከግርጌ ድምሩ፣ ተማሪው ከክፍሉ ያገኘው ደረጃ፣ የቀረበት ቀንና ጠባዩ ይጻፋሉ። በመጨረሻም «ወደ 12ኛ ክፍል ተዛውሯል» የሚል ቃል ከርእሰ መምህሩ ፊርማና ከማኅተም ጋር ይገኛል። ካርዱ ሁሉንም በቁጥር ስለሚናገር ትክክለኛ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከምን እንደ ተሠራ አይናገርም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ተማሪዎችን በሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። በሒሳብ ትምህርት ከ100 ነጥብ 40ው ለቡድን ሥራ፣ ለቤት ሥራ፣ ለደብተር አያያዝና ለክፍል ተሳትፎ፣ ቀሪው 60 ደግሞ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ለሚሠራው ፈተና ተመድቧል እንበል። የመጀመሪያው ተማሪ ከ40ው 34፣ ከ60ው 20 ያገኛል። ሁለተኛው ከ40ው 16፣ ከ60ው 38 ያገኛል። የሁለቱም ድምር 54 ነው። በካርዱ ላይ አንድ ናቸው፤ በመዝገቡ ላይም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በነሐሴ ተመዝግበው በመስከረም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ነገር ግን ብቻቸውን በሠሩት ፈተና የመጀመሪያው 33 ከመቶ፣ ሁለተኛው 63 ከመቶ አግኝተዋል። ብሔራዊው ፈተና የቡድን ሥራ የለውም፤ ደብተርም አይመለከትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተማሪ የሚገጥመው ውጤት በካርዱ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ከአንድ ዓመት አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር። መምህሩ በማርክ መዝገቡ ላይ ለይቶ ጽፎታል፤ ካርዱ ግን ደምሮ አጠፋው።

ይህ ሲባል ተከታታይ ምዘና ጥፋት ነው ለማለት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን የትምህርት አሰጣጡ አካል ሲያደርግ መነሻው ትክክል ነበር። ዓላማው ተማሪው በየደረጃው የጎደለውን ማወቅና ሳይዘገይ ማረም ነው። በአንድ ቀን ፈተና ብቻ የሰውን ልጅ ዕውቀት መመዘን እንደማይቻልም ሌሎች ሀገሮች ተገንዝበዋል። ለምሳሌ ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ1974 የሙሶማ ውሳኔ በኋላ የክፍል ምዘና ከማጠቃለያው ፈተና ጋር ተዳምሮ እንዲታሰብ አድርጋለች። በአንጻሩ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ባካሄደችው ማሻሻያ በትምህርት ቤት የሚሠራው ሥራ በሁለተኛ ደረጃ ፈተና ውስጥ የነበረውን ድርሻ በእጅጉ ቀንሳለች። ከሁለቱ ተሞክሮዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የክፍል ምዘና ዋጋ የሚኖረው ከውጭ ሚዛን ጋር የሚነጻጸርበት መንገድ ሲኖር ብቻ ነው።

በእኛ ሁኔታ ግን ተከታታይ ምዘና ብዙ ጊዜ ከማረሚያነት ይልቅ ነጥብ ማሟያ ሆኗል። ጥፋቱንም በመምህሩ ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይሆንም። በአንድ ክፍል ከሃምሳና ከስልሳ በላይ ተማሪዎችን የያዘ፣ በሳምንት በርካታ ክፍለ ጊዜዎች የሚያስተምር መምህር የእያንዳንዱን ተማሪ ወረቀት እያነበበ በየሳምንቱ ሊያርም አይችልም። የቡድን ሥራ ለሃምሳ ወረቀት ዐሥር ወረቀት ስለሚተካለት ይቀለዋል። ብዙ ተማሪ የጣለ መምህር ከወላጅም ከአስተዳደሩም ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ብዙ ተማሪ ያሳለፈ ግን አይጠየቅም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሃምሳው ወደ ላይ መሳቡ የሚያስገርም አይደለም።

በመካከል የነበረው ሚዛን

የሁለቱ ሃምሳዎች መራራቅ ሁልጊዜ እንዲህ ተሰውሮ አልኖረም። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይሰጥ ነበር። ይህ ፈተና ወደ መሰናዶ የሚገቡትን ከሌሎቹ የሚለይ በመሆኑ ብዙ ተነቅፏል፤ ነቀፋውም መሠረት ነበረው። በዐሥራ ስድስትና በዐሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜ ላይ ያለን ልጅ ዕጣ በአንድ ወረቀት መቁረጥ ከባድ ነገር ነው። ሆኖም ፈተናው አንድ ሌላ አገልግሎት ነበረው። በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ነጥብ በመንገዱ መካከል ከሀገሪቱ ሚዛን ጋር ያስተያይ ነበር። በ10ኛ ክፍል ካርዱ ላይ 70 ያለው ተማሪ በብሔራዊው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ሲያገኝ ትምህርት ቤቱም ወላጁም ልዩነቱን ያዩት ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ አንድ እርከን እንዲሆን ሲወሰን የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀረ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠውም በ2011 ዓ.ም. ነው። የመለያው በር መነሣቱ ተገቢ ነበር ሊባል ይችላል። ነገር ግን ከበሩ ጋር ሚዛኑም አብሮ ተነሣ፤ በምትኩም የተቀመጠ የለም። በዚህም ምክንያት የአዲስ አበባ ተማሪ ከ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ድረስ አራት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤቱ ውጭ በሆነ መለኪያ ሳይታይ ይጓዛል። አበው መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ መጠኑ የሚታየው ድስቱ ከተጣደ በኋላ ነው።

ጉዳዩ በቦሌ አራብሳ

ይህ ችግር በሀገሪቱ ሁሉ ቢኖርም በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በተለይም በቦሌ አራብሳ፣ ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለ። ቦሌ አራብሳ ቀድሞ በቦሌ ክፍለ ከተማ ሥር የነበረ፣ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ወደዚያ የተጠቃለለ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሠፈር ነው። ነዋሪውን ያሰባሰበው የቤት ዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ ዘመድና ጎረቤት አይለይም። በአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ከልደታ የመጣ፣ ከአራዳ የመጣ፣ ከየካ የመጣና ከክልል መጥቶ ቤት የተከራየ ቤተሰብ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

በነባር ሠፈር ያለ ትምህርት ቤት ተማሪውን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል፤ ታላቅ ወንድሙንም አስተምሮ ይሆናል። ካርዱ ባይናገርም መምህሩ ያስታውሳል። በአዲስ ሠፈር ግን ይህ ትዝታ የለም። ተማሪው 9ኛን አንድ ቦታ፣ 10ኛን ሌላ ቦታ ተምሮ በመሸኛ ደብዳቤ ይመጣል። የመዝገብ ሠራተኛዋ ፊት የሚቀርቡት ካርዶች ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች የወጡ፣ የተለያየ የነጥብ አሰጣጥ ያላቸው፣ ነገር ግን በአንድ ዓይነት ቁጥር የሚናገሩ ናቸው። የአንዱ 62 ከሌላው 78 ይበልጥ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? እርስዋ ልታረጋግጥ የምትችለው ማኅተሙን ብቻ ነው። ማኅተሙ ትክክል ከሆነ ቁጥሩም ትክክል ነው ተብሎ ይመዘገባል።

ወላጁም በበኩሉ የሚያምነው ካርዱን ነው። ብዙው ነዋሪ ለሥራ ማልዶ ወደ መገናኛና ወደ መሐል ከተማ ወጥቶ አምሽቶ ስለሚመለስ የልጁን ትምህርት የሚከታተለው በዓመት ሁለት ጊዜ በሚመጣው በዚህ ወረቀት ነው። ወረቀቱ «ደረጃ፦ ከ58 ተማሪዎች 7ኛ» ካለው ደስ ብሎት ይፈርማል። ሰባተኛነቱ ከነማን መካከል እንደ ሆነ የሚነግረው የለም። በቀጣዩ ዓመት መለወጫ ሰሞን የብሔራዊው ፈተና ውጤት ሲመጣ ሰባተኛ የነበረው ልጅ ከሃምሳ በታች ሆኖ ሲያገኘው፣ ልጁን ሰነፍ ወይም ፈተናውን ጨካኝ ይለዋል። ካርዱን ግን አይጠረጥርም።

በዚያን ጊዜ ደግሞ መመለሻው ጠባብ ነው። 12ኛ ክፍልን አጠናቆ ያላለፈ ተማሪ እንደ መደበኛ ተማሪ ተመልሶ ወንበር አይዝም፤ ዳግም የሚፈተነው በግል ተፈታኝነት ነው። ይኸውም ያለ መምህር፣ ያለ ክፍል፣ ያለ ጓደኛ ማለት ነው። ከማለፊያው በታች ሆነው የተሻለ ነጥብ ላላቸው በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የማካካሻ ትምህርት መርሐ ግብር መልካም መፍትሔ ሆኗል፤ ግን ለሁሉም አይበቃም። መርሐ ግብሩ በአሠራሩ አንድ ቁም ነገር አሳይቷል። ከውጤቱ 70 ከመቶው ከማእከል በሚዘጋጅ ፈተና፣ 30 ከመቶው በተቋሙ ምዘና እንዲያዝ በመደረጉ ሁለቱ ሚዛኖች በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኝተዋል። በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የተቻለው ነገር ከሁለት ዓመት በፊት በትምህርት ቤት ደጃፍ ለምን እንደማይቻል አጥጋቢ ምክንያት አይገኝም።

ምዝገባ ወንፊት እንዳይሆን

ሁለቱን ሃምሳዎች በምዝገባ ቀን ማስተያየት ይገባል ሲባል አንድ አደጋ አብሮ መታየት አለበት። ልዩነቱን ያወቀ ትምህርት ቤት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ደካማውን ተማሪ ለይቶ መርዳት ነው። ሁለተኛው ደካማውን ለይቶ አለመመዝገብ፣ ወይም በለዘብታ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ መምከር ነው። ሁለተኛው መንገድ ቀላል ነው፤ ውጤቱም በመግለጫው ላይ ያማረ ሆኖ ይታያል። አርባ ተማሪ አስፈትኖ ዐሥር ያሳለፈ ትምህርት ቤት 25 ከመቶ አሳለፈ ይባላል። መቶ አስፈትኖ ዐሥራ አምስት ያሳለፈው 15 ከመቶ ተብሎ ከእርሱ በታች ይመደባል። የመጀመሪያው ስልሳ ተማሪዎችን በበሩ ላይ ትቶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ የመለኪያው ታችኛው ቁጥር እስካልተለወጠ ድረስ ማንኛውም ጥሩ ሐሳብ ወደ ወንፊትነት ይለወጣል። ትምህርት ቤት መመዘን ያለበት ካስፈተናቸው ተማሪዎች መካከል ስንቱን እንዳሳለፈ ብቻ ሳይሆን፣ በ11ኛ ክፍል ከመዘገባቸው መካከል ስንቱን እስከ ፈተናው አድርሶ ስንቱን እንዳሳለፈ ጭምር መሆን ይገባዋል። እንዲህ ሲሆን የጠፋው ተማሪ በቁጥሩ ውስጥ ተመልሶ ይታያል፤ ማባረርም ትርፍ አያስገኝም።

ከዚህ መነሻ የሚከተሉት እርምጃዎች ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ የ11ኛ ክፍል ካርድ ተማሪው ብቻውን በሠራው ፈተና ያገኘውን ነጥብ ከሌላው ምዘና ለይቶ በራሱ ዓምድ ያሳይ። መምህሩ በማርክ መዝገቡ ላይ አስቀድሞ ስለሚለየው ተጨማሪ ሥራ አይሆንበትም።

ሁለተኛ፣ በአንድ ክፍለ ከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛና በሒሳብ አንድ ወጥ የሆነ የመለያ ፈተና በጋራ አዘጋጅተው ለ12ኛ ክፍል ተመዝጋቢዎች በመስከረም መጀመሪያ ይስጡ። ሁለቱ ትምህርቶች የተመረጡበት ምክንያት አንደኛው ሌሎቹ የሚሰጡበት ቋንቋ፣ ሁለተኛው ለብዙዎቹ መሠረት በመሆኑ ነው። ውጤቱ ለመመዝገብም ሆነ ላለመመዝገብ ምክንያት እንዳይሆን ግን ፈተናው ከምዝገባ በኋላ እንጂ ከምዝገባ በፊት አይሰጥ።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ለወላጅ በአማርኛ ወይም ወላጁ በሚረዳው ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይነገር። «ልጅዎ በካርዱ 64 አለው፤ ብቻውን በሠራው ፈተና ግን 37 ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወላጁን ሊያስከፋው ይችላል። ይሁን እንጂ በመስከረም የሚመጣ ቅሬታ ዘጠኝ ወር የማረሚያ ጊዜ አለው።

አራተኛ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ከሆነ ለሁሉም በጅምላ ከመስጠት ይልቅ በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ይደልደል። ከላይ በምሳሌ የቀረቡት ባለ 54ቱ ሁለት ተማሪዎች የሚያስፈልጋቸው ትምህርት አንድ ዓይነት አይደለም።

ማጠቃለያ

የብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር ክርክሩ ፈተናው ከበደ ወይስ ተማሪው ሰነፈ በሚለው ላይ ያተኩራል። ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት የጉዞውን መጨረሻ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የታየው ነገር ግን ከአንድ ዓመት፣ ከሁለት ዓመትና ከሦስት ዓመት በፊት በየካርዱ ላይ ሲጻፍ የኖረ ነጥብ ምን ያህል ባዶ እንደ ነበረ ነው። ነጥቡን የሰጠው ትምህርት ቤት ነው፤ የተቀበለው መዝገብ ክፍል ነው፤ ዕዳውን የከፈለው ግን ተማሪው ብቻ ነው።

በቦሌ አራብሳም ሆነ በሌላ ሠፈር፣ በነሐሴ ዝናብ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ለምዝገባ የሚሰለፍ ወጣት የሚጠይቀው በሩ እንዲዘጋበት አይደለም፤ በሐሰት እንዲከፈትለትም አይደለም። ከትምህርት ቤቱ የሚገባው ያለበትን ደረጃ በጊዜ ማወቅ ነው። ይህን ለመንገር አዲስ ፖሊሲ መጠበቅ አያሻም። በካርዱ ላይ አንድ ዓምድ መጨመርና መምህሩ የሚያውቀውን መጻፍ ለመነሻ ይበቃል።